ቀይ ነጥብ የነበረባቸው ካሴቶች

የበደለኝ የባሌ ታናሽ ወንድም ነው። የበደለኝም ካዛንቺስ በፈረሰበት ዓመት ነው። ስሙን አልጽፍም። ስሙን ለማስጠራት ዕድሜውን ሙሉ ሲደክም ኖሯል፤ በዚህ እኔ አላግዘውም። መስቀል ፍላወር አካባቢ ክለብ የሚያዘወትር ሰው ያለ ስምም ያውቀዋል። ፀጉሩ ሸብቶ ኮፍያውን ዛሬም ወደ ኋላ አዙሮ የሚደፋ ዲጄ እዚያ ሰፈር እሱ ብቻ ነው።

ይህን የምጽፈው እሱ ስለ እኔ በማይክራፎን ስለተናገረ ነው። እኔ ማይክራፎን የለኝም።

ካሴት ቤት ነበረኝ። ካዛንቺስ፣ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ በልብስ ሰፊና በሥጋ ቤት መሃል የተሸጎጠች አንድ ክፍል። «ነበረን» እንዳላልኩ አንባቢ ልብ ይበል። ባሌ ሳክስፎን ይነፋ ነበር፤ ሱቋ ውስጥ የሚገባው ምሳ ሊበላና ጓደኞቹን ሊያስቀምጥ ነው። የምቀዳው፣ የምገለብጠው፣ በሩን ከፍቼ የምዘጋው እኔ ነበርኩ። ሰው ግን «የእሱ ሱቅ» ይል ነበር፤ እሱም አንድ ቀን አላረመም። ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ከሞተ ሰው ጋር አልሟገትም።

ዛሬ ወጣቱ ሁሉ ስለ ድምፅ ጥራት ሲከራከር እሰማለሁ። ትልቁ ፋይል ይሻላል፣ የለም ትንሹም ይበቃል፣ ክለብ ውስጥ ልዩነቱን የሚያውቅ የለም፣ አለ። በእኛ ጊዜ ጥራት ማለት ጥጥና አልኮል ነበር። ሱቁን ከፍቼ ከመቀመጤ በፊት የቴፖቹን ሄድ፣ ካሴቱን የሚያነበውን ብረት፣ በአልኮል በተነከረ ጥጥ እጠርጋለሁ። ጥጡ ቡናማ ሆኖ ከወጣ ሌላ ጥጥ እነክራለሁ። ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ደንበኛ በሩ ላይ ቢያጉረመርምም ሥራ አልጀምርም። ቅጂ ላይ ደግሞ አልቀዳም። ሰው የጎረቤቱን ካሴት ይዞ መጥቶ «ከዚህ ላይ ገልብጪልኝ» ሲለኝ እመልሰዋለሁ። ቅጂ ከማስተሩ፣ መጀመሪያ ከተቀዳው ካሴት፣ ትንሽ ይጎድላል፤ የቅጂ ቅጂ ደግሞ ከዚያ ይጎድላል፤ እንዲህ እያለ ሲወርድ ሲወርድ ዘፋኙ ብርድ ልብስ ተከናንቦ የሚዘፍን ይመስላል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው አስቀይሜአለሁ። ኩራተኛ ይሉኝ ነበር። ይበሉኝ።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው እንዲገባ ስለ ሣጥኖቹ መናገር አለብኝ። ያኔ በካሴት ቤቶች መካከል መሰራረቅ ነበር። አንዱ ሱቅ ሰው ልኮ የሌላውን ማስተር ያስወስድና በሳምንቱ ራሱ ሲሸጠው ታየዋለህ። ስለዚህ ማስተሩን ማንም በማይመኘው ሣጥን ውስጥ ነበር የምናስቀምጠው። ስም የለው፣ ፎቶ የለው፣ የተጫረ አሮጌ ፕላስቲክ። ለሚያየው ባዶ ካሴት ይመስላል። እኔ በጥጉ ላይ በጥፍር ቀለም አንዲት ቀይ ነጥብ አደርግበታለሁ። በቃ፣ ምልክቱ ያ ነው። በመስታወቱ ውስጥ ፎቶና ጽሑፍ ተለጥፎበት የሚደረደረው የሚያምረው ካሴት ማሰሚያው ነው። ማሰሚያ ማለት ጠዋት ተከፍቶ በበሩ ስፒከር ሲጮኽ የሚውል፣ ደንበኛ ከመግዛቱ በፊት የሚያዳምጠው፣ ሲያልቅ እየተጠነጠነ እንደገና የሚጀመር ነው። በወር ውስጥ ይታሻል። እሱንም ሰርቀው እንዳይሸጡት መጀመሪያው ላይ በራሴ ድምፅ «ይህ ለማሰሚያ ብቻ» እያልኩ እቀዳበት ነበር። ከዚያ ሙዚቃው ይገባል። ካዛንቺስ ያደገ ሰው ያንን ድምፅ ያውቀዋል። የሰፈር ልጆች መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አፍንጫቸውን ይዘው «ለማሰሚያ ብቻ» ይሉኝ ነበር።

ቀይ ነጥብ ካለባቸው መካከል በማንም ሱቅ ያልነበረ የእኔ ሀብት አለ። ባሌ የሚሠራበት ባንድ ከሰፈራችን ሆቴሎች በአንዱ ይጫወት ነበር። ማታ ማታ ጫጫታ ስለሚበዛ ሄጄ የምቀዳቸው ከሰዓት በኋላ ሲለማመዱ ነው። ቴፔን ተሸክሜ እሄድና ከሚክሰሩ ጋር አገናኛለሁ፤ አንዱን ማይክ ከከበሮው አርቄ አስቀምጣለሁ፤ ከዚያ እጄን አጣጥፌ እቀመጣለሁ። ሙዚቀኞቹ «ዳኛዋ መጣች» ይሉ ነበር። ይስቁብኝ ነበር፤ ግን ሲጨርሱ ሁሉም መጥተው መልሰው የሚያዳምጡት ከእኔ ቴፕ ነው። ከዚያ ማስተር ማሰሚያ አውጥቼ ቅጂ እሸጥ ነበር፤ ያንን ባንድ በዚያ ዓይነት ድምፅ የያዘ ሰው ከእኔ በቀር አልነበረም። ዛሬ ግማሾቹ በሕይወት የሉም።

የባሌ ወንድም ይህን ሁሉ ያውቃል። ሙዚቃ የለመደው እኔ ሱቅ ውስጥ ተቀምጦ ነው። ሄድ መጥረግ ያሳየሁት እኔ ነኝ። ስለ ቀይ ነጥቡም የነገርኩት እኔ ነኝ፤ ባሌ አይደለም። ይህን የምለው በኋላ «አላውቅም ነበር» ስላለ ነው።

ሰፈሩ ሊፈርስ ነው ሲባል ሰው ሁሉ ዕቃውን ይዞ መንገድ ላይ ወጣ። ስለዚያ ብዙዎች ጽፈዋል፤ እኔ አልጨምርም። ማረፊያዬ ሰንጋ ተራ፣ የልጄ ኮንዶሚኒየም ሆነ። ሁለት መኝታ ናት፤ ልጄ፣ ባሏ፣ ልጆቻቸው፣ እኔ። ካሴቶቹ በማዳበሪያ ታጭቀው በረንዳ ላይ ተቀመጡ። ዝናብም ፀሐይም ያገኛቸዋል። እዚህ ላይ ነው እሱ የመጣው። ሚኒባስ ተከራይቶ፣ ጭማቂ ይዞ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ።

«እትዬ፣ ክለቡ ዕቃ ቤት አለው። ደረቅ ነው፣ ይቆለፋል። እዚያ ላስቀምጥልዎት። እያንዳንዷን ወደ ኮምፒውተር አስገባታለሁ። የወንድሜ ነገር እኮ ነው።»

በረንዳው ላይ ቁጭ ብዬ አሳየሁት። ፎቶ ያለባቸው እነዚህ ማሰሚያዎች ናቸው፣ ብትፈልግ ጣላቸው አልኩት። ቀይ ነጥብ ያለባቸውን ብቻ ገልብጥ። ከመጀመርህ በፊት ሄዱን ጥረግ። አንዱን እንደያዘ ነጥቡን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና «ይቺ የጥፍር ቀለም አሁንም አለች?» ብሎ ሳቀ። ልጄ ወጥ ቤት ሆና ሰምታዋለች።

አንድ ካሴት ብቻ አልሰጠሁትም። ቁም ሣጥኔ ውስጥ፣ ነጠላዎቼ ሥር ነበር፤ ባሌ ብቻውን የሚነፋበት ነው። ለምን እንዳስቀረሁት ያኔ ራሴን አልጠየቅሁም። ያለውን ሁሉ ለአንድ ሰው የሚያስረክብ ሰው አልወድም።

ከወራት በኋላ በስልክ ማስታወቂያ መጣ። ልጄ አሳየችኝ። እሁድ ከሰዓት በክለቡ የድሮ ካዛንቺስ ፕሮግራም፤ «ከኦሪጅናል ማስተር ካሴቶች፣ በከፍተኛ ጥራት» ይላል። የእሱ ፎቶ ከነኮፍያው ተለጥፏል። የእኔ ስም የለም። ሥር ላይ ናሙና ተብሎ አጭር ዘፈን ተለጥፎ ነበርና ልጄ በስልኳ ከፈተችልኝ። ደህና ነበር። እውነቱን ለመናገር አንድም ነገር አልጠረጠርኩም። የስልክ ስፒከር ኃጢአት ይሸፍናል።

እሁድ ሄድኩ። ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ፣ ፀጉሬን ተሠርቼ። ከቤት ስወጣ ልጄ «ማሚ ዲስኮ ልትሄጂ ነው?» ብላ ስትስቅ እኔም ስቄ ነበር።

ክለቡ በሰፈር ሰው ሞልቶ ነበር። ከተማው ዳር ከየሄዱበት በሁለትና በሦስት ታክሲ ነው የመጡት። ሥጋ ቤት የነበረው ሰውዬ አለ፣ ልብስ ሰፊው አለ፣ ከሱቄ ማዶ ይኖር የነበረው ጡረተኛ መምህር አለ። ይህ መምህር ሰውን በነገር መጎንተል የሚወድ ነው፤ ድሮም የቅጂ ቅጂ ይዞ መጥቶ የመለስኩበትን አልረሳልኝም። ተሳሳምን፤ ማን የት እንደደረሰ ተነጋገርን። ወንበር ስቦ አጠገቡ አስቀመጠኝ።

የባሌ ወንድም መጀመሪያ አዳዲስ ዘፈኖች አጫወተ። ሰዉ ተነሳ። ሽማግሌው አሮጊቷ ሳይቀር ትከሻውን ነቀነቀ። ወለሉ ሲሞላለት ሙዚቃውን ቀነስ አድርጎ «አሁን ወደ ሰፈራችን» አለና የእኔን ባንድ ለቀቀ።

የክለብ ስፒከር የስልክ ስፒከር አይደለም። ምንም አይሸፍንም፤ ያለውንም የሌለውንም አሳድጎ ያመጣልሃል። ሲምባሉ፣ የከበሮው ናስ፣ ሲመታ መደወል ሲገባው የፈላ ዘይት ውስጥ እንደገባ ሽንኩርት ይንጫጫል። ቤዙ ጎረቤት ቤት ቁም ሣጥን የሚጎትቱ ይመስላል። ሳክስፎኑ አፍንጫው እንደታፈነ ሰው ሆነ። ባሌ አንድ ቃና ከመያዙ በፊት የሚስባት ትንፋሽ ነበረች፤ ማይኩን አጠገቡ ያስቀመጥኩት እሷን ብዬ ነው። የለችም። ተቆርጣ የወጣች ያህል የለችም።

ሰዉ ወዲያው አልተቀመጠም። በየሁለት በየሦስት ሆነው ወሬ ጀመሩ። አንዷ ቦርሳዋን ፈለገች። አንዱ ስልኩን አወጣ። ማንም «ድምፁ መጥፎ ነው» አላለም፤ እንደዚያ የሚያስብ የለም። ዝም ብሎ ደከማቸው። ሦስተኛው ዘፈን ላይ ወለሉ ባዶ ሆነ። እኔ ከወንበሬ አልተነሳሁም፤ ጉልበቴ ላይ ያለውን መሀረብ ይዤ እየጠመዘዝኩ ነበር።

ያኔ ማይክራፎኑን አነሳ። እየሳቀ ነው የተናገረው፤ ሰው ሲያፍር እንደሚስቀው።

«ወገኖቼ፣ ይቅርታ አድርጉልን። ፋይሉ ንጹሕ ነው፣ ሲስተሙም አንደኛ ነው። እትዬ የቀዱት እንደዚህ ነው። የዚያን ጊዜ ሰው፣ በቃ፣ በቻለው ነው የሠራው። ለእትዬ እናጨብጭብላቸው።»

አጨበጨቡ። አንገታቸውን አዙረው እኔን እያዩ ነው ያጨበጨቡት። መምህሩ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ታዲያ የእኔን ካሴት ምን ብለሽ ነበር የመለስሽው?» አለኝ።

በዚያ ጭብጨባ ውስጥ የባሌ ወንድም ቀጣዩን ዘፈን ሲለቅ፣ ሙዚቃው ከመግባቱ በፊት አንዲት ነገር ሰማሁ። ቅንጣት ናት። ከትንፋሽ ትንሽ የምትበልጥ። በዚያ ትልቅ ስፒከር ባይሆን አትሰማም ነበር። እቤቴ እስክደርስ ድረስ በጭንቅላቴ ውስጥ እየደጋገምኩ አዳመጥኳት። ሰንጋ ተራ ደርሼ ከታክሲ ስወርድ ምን እንደሆነች አወቅሁ።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ተመልሼ ሄድኩ። ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል፣ ወለሉ በበረኪና ታጥቦ ገና አልደረቀም። እሱ ከክለቡ ባለቤት ጋር ባንኮኒው ላይ ተቀምጦ ነበር። ባለቤቷ የልጄ እኩያ የምትሆን ሴት ናት፤ ተነስታ ወንበር ሰጠችኝ፣ ውሃ አስመጣችልኝ። እሷን አልወቅሳትም።

ስለ ትናንቱ ልጠይቅህ ነው የመጣሁት አልኩት። ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረ። ፋይሎቹ ትልልቅ መሆናቸውን፣ ዋቭ የሚባሉ መሆናቸውን፣ ከዚያ በላይ ጥራት እንደሌለ አስረዳኝ። እኔን ሳይሆን ባለቤቷን እያየ ነው የሚያስረዳው። ቀጥታ ከካሴቱ ወደዚህ ነው የገባው ወይ? አልኩት። መጀመሪያ ስልኩ ላይ እንዲበቃው አሳንሶ አስገብቶት እንደነበር፣ በቴሌግራም ለራሱ ልኮ እንዳስቀመጠው፣ በኋላ ለክለቡ ብሎ ወደ ትልቁ እንደመለሰው ነገረኝ።

«መለስኩት» ነው ያለው። ቅራሪን በብርሌ ብታቀርበው ጠጅ አይሆንም፤ ፋይሉን ብታሳድገው የወጣው ነገር ተመልሶ አይገባም። ይህን ነገርኩት። ባለቤቷ ሳቀች። እሱ አልሳቀም።

ግን የሄድኩት ለዚህ አልነበረም። ትናንት ያጫወትከውን አራተኛውን ዘፈን ክፈትልኝ፣ በትልቁ ስፒከር፣ ከመጀመሪያው አልኩት። ከፈተው። ባዶው አዳራሽ ውስጥ ከሙዚቃው በፊት ያቺ ቅንጣት መጣች፤ «ቻ» የምትል ጭራ። ከዚያ ከበሮው።

«እሱ ምንድን ነው?» አለች ባለቤቷ።

«እኔ ነኝ» አልኳት።

አልገባትም። ማሰሚያ ምን እንደሆነ፣ መጀመሪያው ላይ ምን ብዬ እቀዳ እንደነበር ነገርኳት። ልጆቹ መንገድ ላይ እንደሚሉኝ አድርጌ፣ «ይህ ለማሰሚያ ብቻ» አልኩላት። የቀረችው ጭራዋ ናት። ቀሪውን እሱ ቆርጦታል። ሌሎቹንም አስከፈትኩት። በአንዳንዱ ላይ በደንብ ቆርጦታል፤ በአንዳንዱ ላይ ቸኩሏል።

ከዚያ ወደ እሱ ዞሬ ቀይ ነጥብ ያለባቸው የት ናቸው? አልኩት።

ስለ ነጥቡ አያውቅም ነበር፤ ባዶ መስለውት ነበር። ዕቃ ቤቱ ለቢራ ሣጥን ተፈልጎ ነበር። እሱ በሌለበት ነው የወጡት። እሱ ነበር ግን አላየም። ምክንያቶቹ እርስ በርሳቸው እየተጣሉ አንድ በአንድ ወጡ፤ መጨረሻ ላይ ለቆራሌው እንደሰጣቸው ተናገረ። በሁለት ማዳበሪያ። ፎቶ ያለባቸውን ግን ለጌጥ ስለሚያምሩ ባንኮኒው ላይ ሊደረድራቸው አስቀርቷቸዋል። ቀና ብዬ ሳይ እውነትም ከጠርሙሶቹ በላይ ተደርድረዋል፤ የእኔ ማሰሚያዎች፣ መብራት በርቶባቸው።

ማስተሮቹን በስህተት ጥሎ ቢሆን ኖሮ እጮኽበት ነበር፣ አለቅስ ነበር፣ በዓመቱም ይቅር እለው ይሆናል። ሰው ይሳሳታል። እሱ ግን ከጣለ በኋላ ማሰሚያውን ከፍቶ ድምፄን ሰማ። «ለማሰሚያ ብቻ» ስለው ሰማኝ። ሰምቶ ቆረጠኝ። ቆርጦ «ከኦሪጅናል ማስተር» ብሎ ለጠፈ። ሳያምርለት ሲቀር ደግሞ በሰፈሬ ሰው ፊት ጥፋቱን እኔ ላይ ጫነው።

ይህንኑ ነገርኩት። ድምፄን አላነሳሁም። በባለቤቷ ፊት ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁ፤ ከዚያ ትከሻውን ሰበቀ።

«እትዬ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ክለብ ውስጥ ማን ይሰማዋል? ሰው የሚመጣው ሊጠጣ፣ ሊጨፍር ነው። እኔ ስንት ጊዜ ከቴሌግራም አውርጄ እዚሁ አጫውቻለሁ። ስለ ፋይል መጥቶ የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም።»

«ማንም የማይሰማው ከሆነ ድምፄን ለምን ቆረጥከው?»

እስከዚያች ሰዓት ድረስ በሕይወቱ «አንቺ» ብሎኝ አያውቅም። «አንቺ አርጅተሻል፤ ጆሮሽም ሄዷል» አለኝ። ባለቤቷ ስልኳን አንስታ ወደ ውስጥ ገባች።

አንድ ነገር ብቻ ጠየቅሁት። በሚቀጥለው እሁድ ማይክራፎኑን አንስቶ፣ ባለፈው የሰማችሁት ማሰሚያው ነው፣ ማስተሩ በእኔ እጅ ጠፍቷል እንዲል። በተናገረበት ቦታ፣ በሰሙት ሰዎች ፊት። ፕሮግራሙ ይበላሻል አለ። ማስታወቂያው ወጥቷል አለ። በሩ ድረስ ተከትሎኝ መጣና፣ እዚያ ጋ ድምፁን አለስልሶ፣ እንደገና «እርስዎ» እያለ፣ ወንድሙ ብቻውን የነፋበት አንድ ካሴት እንደነበር አስታወሰኝ። እሱን ብሰጠው በትክክል እንደሚገለብጠው፣ ሁሉም ነገር እንደሚስተካከል ነገረኝ።

የለኝም አልኩት።

አላመነኝም። በሁለተኛው ሳምንት ሽማግሌ ላከ። የባሌ አጎትና የደብሩ አንድ አባት ልጄ ቤት መጥተው ሶፋው ላይ ተቀመጡ። ለሟቹ ሲባል በካሴት ምክንያት ቤተሰብ መለያየት እንደሌለበት ተናገሩ። ልጅ ነው አሉ፤ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። የባሌ አጎት፣ ደግ ሰው ናቸው፣ ለሙዚቃ ጆሮ ግን የላቸውም፣ «አሁን ዘፈኑ ከነዜማው አለ አይደለም ወይ? ምኑ ጎደለ?» አሉኝ። ምኑ እንደጎደለ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ስለ ባሌ ትንፋሽ አልነገርኳቸውም። ያ የእኔ ነው፤ እዚህም የጻፍኩት ያለ እሱ ነገሩ ስለማይገባ ብቻ ነው።

ይቅርታ እንዲጠይቀኝ አልፈልግም አልኳቸው። በተናገረበት ማይክራፎን ይናገር። ሄደው ነገሩት። አልተናገረም። በሦስተኛው እሁድ ያንኑ ፋይል እንደገና እንዳጫወተው ሰማሁ፤ ቅንጣቷን ግን በደንብ ቆርጧት ነበር አሉ።

ከዚህ በኋላ ያደረግሁት ይህ ነው።

ደምበል አጠገብ ሌላ ክለብ አለ። ባለቤቱን አላውቀውም ነበር፤ ቀን ላይ ሄጄ አስጠራሁት። ከነጠላዎቼ ሥር ያስቀረሁትን ካሴት ይዤ፣ ቴፔን በታክሲ ጭኜ፣ ጥጥና አልኮል በቦርሳዬ ይዤ። የድምፅ ሠራተኛው ጨዋ ሰው ነው። ሄዱን እኔ ራሴ ስጠርግ ጥጡ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ ቆሞ ጠበቀኝ። ከዚያ ካሴቱን በቀጥታ ከቴፑ ወደ ኮምፒውተሩ አስገባው።

እዚያ የሆነውን አንድ ነገር ልጻፍ፤ የባሌ ወንድም ቢያነበው ደስ ይለዋል። ሠራተኛው ከዚያው ከማስተሩ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ፋይል አወጣ። ትንሹም ቢሆን በደንብ የተሠራ ነው አለኝ። ሁለቱን በትልቁ ስፒከር እያፈራረቀ አሰማኝ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ ሳይነግረኝ። መለየት አልቻልኩም። በሁለቱም ውስጥ ያቺ ትንፋሽ ነበረች። ደጋግሞ አሰማኝ፣ ደጋግሜ አልለየሁም። ስለዚህ ወጣቶቹ ሲከራከሩ ፋይሉ ትንሽ ይሁን ትልቅ ብለው ቢጣሉ ዳኛ ሆኜ አልገባም። የእኔ ጠብ ከየት ተገለበጠ በሚለው ላይ ነው። ትልቁን ያስቀመጥኩት፣ ሰው ትንሹን ተቀብሎ ደግሞ ያሳንሰዋል፣ ያም ለሌላው ይልካል፣ ያኛውም ያሳንሰዋል ብዬ ነው። የቅጂ ቅጂ ነው፤ ስሙ ተለወጠ እንጂ።

ሠራተኛው ማይክራፎን ሰጠኝ። መጀመሪያው ላይ በድምፄ «ይህ ከማስተሩ የተገለበጠ ነው» ብዬ ቀዳሁበት። ማንም እንዳይቆርጠው ነገርኩት።

እሁድ ከሰዓት፣ የባሌ ወንድም ፕሮግራሙን በሚጀምርበት ሰዓት፣ እዚያ ተጫወተ። መምህሩን ጠርቼው ነበር፤ መጣ። ተነስቶ ወለሉ ላይ ወጣና እስኪያልቅ አልተቀመጠም።

ካሴቱን ወደ ቁም ሣጥኔ መለስኩት። ፋይሉን ለባሌ ወንድም እንዳይሰጡ ለክለቡ ነገርኳቸው፤ ሰው ልኮ ጠይቋቸው አልሰጡትም። በባሌ ሙት ዓመት መጣ። እጁን አስታጠብኩት፣ ምግብ አቀረብኩለት። አላነጋገርኩትም።